ቀለህና ባለ እጁ ፤ የናስ ቀለህን በቤት ለውጦ ስለ መሙላት የተጻፉ መጻሕፍት ሲመዘኑ

በአማርኛ ቋንቋ ጥይትና ቀለህ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥይት የሚባለው መለኮሻውን፣ ባሩዱንና አረሩን በአንድነት ይዞ ለመተኮስ የተሰናዳው ነው፤ ቀለህ የሚባለው ደግሞ ተኩሱ ካለፈ በኋላ ጠመንጃው የሚተፋው ባዶ የናስ ቀፎ ነው። ጠመንጃ በፉከራና በቀረርቶ ይነሣል፤ ዝናር በወገብ ታጥቆ የባለቤቱን ማዕርግ ይናገራል፤ ቀለህ ግን ወድቆ ይረገጣል። ይሁን እንጂ ከጥይት ክፍሎች ሁሉ ተመልሶ ለዚያው ሥራ የሚውለው እርሱ ብቻ ነው። ባሩዱ ነዷል፤ መለኮሻው ተጨፍልቋል፤ አረሩም ሄዷል። ቀለሁ በተኳሹ እግር ሥር ይቀራል፤ ጎንበስ ብሎ ለሚያነሣው ሰውም የሚቀጥለው ጥይት መጀመሪያ ይሆናል።

ይህን ጎንበስ ብሎ ማንሣት ሙሉ ሙያ አድርገው የሚያስተምሩ መጻሕፍት በአሜሪካ ታትመዋል። በ1937 የፊሊፕ ሻርፕና የኤርል ናራሞር ሰፋፊ መጻሕፍት ጥይትን በእጅ የመሙላት ሥራ በሥርዐት አቀረቡ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። ከእነርሱም ቀጥሎ በ1960ዎቹ ዓመታት ሻለቃ ጆርጅ ኖንት አንዱን ቀለህ ወደ ሌላ ቀለህ ስለ መለወጥ ለቤት ሠራተኞች የሚሆን መምሪያ አሳተመ፤ በ1987ም ጆን ዶኔሊ በዚሁ ጉዳይ ላይ እጅግ የሰፋ የልክና የሥዕል መዝገብ አወጣ። በሌላ ወገን ስለ ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ታሪክ የተጻፉ ከባድ የጥናት ሥራዎች አሉ፤ ከእነዚህም ውስጥ የሪቻርድ ፓንክኸርስት የ1968 የኢትዮጵያ ኤኮኖሚ ታሪክና ሪቻርድ ኮልክ በ1972 በአፍሪካ ታሪክ መጽሔት ላይ ስለ ጠመንጃና ስለ መሳፍንት ሥልጣን ያወጣው ጽሑፍ ይጠቀሳሉ።

እነዚህ ሁለት ዐይነት ጽሑፎች በአንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው አያውቁም፤ የሚያነቧቸውም ሰዎች አይተዋወቁም። ነገር ግን የሚናገሩት ስለ አንድ ዕቃ ነው። የአሜሪካኖቹ መምሪያዎች የእጁን ሥራ ጽፈው ባለ እጁን ይተዋሉ፤ የታሪክ ሊቃውንቱ ንጉሡን፣ መኰንኑንና ነጋዴውን ጽፈው እጁ የሠራውን ያልፋሉ። በሁለቱ መካከል ወድቆ የቀረው ቀለህ ነው። ጉዳቱም ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም ቀለህን ያልተረዳ ሰው ጠመንጃ በአንድ አገር ውስጥ ምን ያህል ኀይል እንደ ነበረው ሊመዝን አይችልም።

ስለ ሥራው ጠባይ

መጻሕፍቱን ከመመዘን በፊት የሚያስተምሩትን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ለቀለህ የሚመረጠው ናስ ከመቶው 70 እጅ መዳብ፣ 30 እጅ ዚንክ የሆነ ነው። ባሩዱ ሲቀጣጠል ቀለሁ ተነፍቶ ከጠመንጃው ጉሮሮ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ በዚህም እሳቱና ጢሱ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ ይዘጋል። ግፊቱ ሲያልፍ ጥቂት ይሰበሰብና ከጉሮሮው ለመውጣት ይለቃል። ብረት ይህን ያህል በጎ ፈቃድ የለውም፤ መዳብ ብቻውንም ቢሆን ከተነፋ በኋላ በሚገባ አይሰበሰብም። ናስ የተመረጠው መስጠትንም መመለስንም ስለሚያውቅ ነው።

ዳሩ ግን ናስ በተነፋና በተጨመቀ ቁጥር እየደረቀ ይሄዳል፤ የደረቀ ናስም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ባለሙያው የቀለሁን አንገት በእሳት ያለሰልሳል። ቀለሆቹን ዝቅተኛ ውሃ ባለበት መጥበሻ ላይ ያቆማቸዋል፤ አንገታቸውን በነበልባል ይነካል፤ ቀለማቸው ሲለወጥም ገፋ አድርጎ ውሃው ውስጥ ይጥላቸዋል። እዚህ ላይ ለባህል ተመራማሪ ትልቅ ቁም ነገር አለ። ብረት ቀጥቃጭ የጋለውን ማረሻ ወይም ቢላዋ ውሃ ውስጥ የሚነክረው ስለቱ እንዲጠነክር ነው። ናስ ግን በውሃ አይጠነክርም፤ የለሰለሰው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ውሃው ያለው መቀመጫው እንዳይግል ነው፤ የቀለሁ መቀመጫ ከለሰለሰ የባሩዱን ግፊት አይችልምና፣ ተኳሹ ዐይኑን ሊያጣ ይችላል። አንዱ እሳት፣ አንዱ ውሃ፣ በብረትና በናስ ላይ የተለያየ ነገር ይሠራል ማለት ነው። ከብረት ሥራ ወደ ናስ ሥራ የተሻገረ ባለ እጅ ይህን ልዩነት በእጁ መማር ነበረበት።

መለኮሻው ሌላው ችግር ነው። ዛሬ በዓለም የሚታወቁት ሁለቱ የመለኮሻ ዐይነቶች በ1866 ግድም የወጡ ናቸው። አንደኛው የእንግሊዙ ኤድዋርድ ቦክሰር፣ ሁለተኛው የአሜሪካኑ ሃይረም በርዳን ነው። በቦክሰር ሥራ በቀለሁ መቀመጫ መካከል አንድ ቀዳዳ ብቻ ስላለ፣ ከውስጥ ቀጭን መርፌ በመግፋት ያረጀው መለኮሻ ይወጣል። በበርዳን ሥራ ግን መለኮሻው የሚመታበት ጉብታ ከራሱ ከቀለሁ ጋር አብሮ የተሠራ ሲሆን፣ እሳቱ የሚያልፍባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች በጎንና በጎኑ ናቸው፤ ስለዚህ መለኮሻው ከውጭ በሹል ብረት እየተፈነቀለ መውጣት አለበት። የሚያስገርመው የእንግሊዙ ሥራ በአሜሪካ፣ የአሜሪካኑ ሥራ በአውሮጳ መስፋፋቱ ነው። በአሜሪካ ቤት ውስጥ ጥይት የሚሞላው ሰው እንዲበዛ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የቦክሰር መለኮሻ ቀላልነት ነው።

ለውጥ የሚያስፈልገው ፋብሪካው ሲተው ነው። ጠመንጃ በደንብ ከተያዘ ከመቶ ዓመት በላይ ይኖራል፤ ጥይቱን የሚሠራው ፋብሪካ ግን ገበያው ሲያልቅ ያቆማል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ዛሬ ከሚሠሩት ቀለሆች ውስጥ ለጠመንጃው ዘመድ የሚሆነውን ይፈልጋል። ሕጉ አንድ ነው፦ አንገት ይጠብባል፣ ይሰፋል፣ ይቈረጣል፤ መቀመጫ ግን በቀላሉ አይለወጥም። ስለዚህ ዝምድናው የሚፈለገው ከታች ነው። ለአሮጌው ሰናድር ጠመንጃ የሚሆነው ቀለህ ለወፍ አደን ከሚያገለግለው ባለ 24 ቁጥር የናስ ቀፎ ይወጣል። ለኢጣልያኑ የ1870 ቬተርሊ የሚሆነው በ1936 ከወጣው ባለ .348 ኢንች የዊንቸስተር ቀለህ ይሠራል፤ 57 ሚሊሜትር ግድም የነበረው ወደ 47 ሚሊሜትር ይቈረጣል፤ አንገቱም 10.4 ሚሊሜትር የሆነውን አረር እንዲይዝ ይሰፋል። ባለ 8 ሚሊሜትሩ የኦስትሪያ ማንሊኸር ቀለህም ከሩሲያው የ1891 ጥይት ቀለህ ይወጣል። በ19ኛው ምእተ ዓመት በተለያዩ ነገሥታት ፋብሪካዎች የተሠሩ ጠመንጃዎች በአንድ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ይዛመዳሉ።

ስለ መጻሕፍቱ ብርታትና ጕድለት

የኖንትና የዶኔሊ መጻሕፍት ታላቅ ብርታት ምንም ነገር እንደ ውዳቂ አለማየታቸው ነው። ለእነርሱ የተጣለ ቀለህ ፍርስራሽ አይደለም፤ ገና ያልተሠራ ሌላ ቀለህ ነው። ዶኔሊ በመቶ የሚቈጠሩ ቀለሆችን በልክ በልካቸው እየሣለ ከምን ሊወጡ እንደሚችሉ ያሳያል። እንዲህ ያለውን መዝገብ ባህል አጥኚ ሲያየው ሊቀና ይገባዋል። ስለ ኢትዮጵያ ሸክላ፣ ስለ ሽመናና ስለ ቀጥቃጭ ሥራ በተጻፉት ብዙ ጽሑፎች ውስጥ ዕቃው «ተሠርቶ» ይገኛል፤ እንዴት እንደ ተሠራ፣ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሚበላሽ፣ ሠሪው መበላሸቱን በምን እንደሚያውቅ ግን አልፎ አልፎ ብቻ ይነገራል። መምሪያዎቹ በዚህ በኩል ይበልጣሉ። በቀለሁ መቀመጫ አጠገብ የሚታይ ብሩህ ቀለበት ናሱ ከውስጥ መሳሳቱንና በሚቀጥለው ተኩስ ሊበጠስ መቃረቡን እንደሚያስታውቅ በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ ይማራል። የዕቃውን ሞት ምልክት ሳያሳይ የዕቃውን ሕይወት የሚያስተምር መጽሐፍ ሙሉ አይደለም።

ጕድለታቸው የሚጀምረው ከዚሁ ብርታታቸው ነው። መጻሕፍቱ የተጻፉት ለሠሪው ነው እንጂ ስለ ሠሪው አይደለም። በቀለሁ ላይ ያለው ልክ እስከ ኢንች ሺኛ ድረስ ይነገራል፤ ልኩን የሚጠብቀው ሰው ግን ስምም፣ መምህርም፣ ጎረቤትም የለውም። አንገቱ ሲለሰልስ የሚታየው ቀለም ብርሃኑ በደበዘዘ ክፍል ውስጥ እንዲታይ ይመከራል፤ ይህ ምክር በልክ ሊጻፍ የማይችል፣ ከዐይን ወደ ዐይን ብቻ የሚተላለፍ ዕውቀት መኖሩን መመስከር ነው። ከዚያ ወዲያ የሚነሣው ጥያቄ፣ ይኸውም ይህን ዐይን ማን ለማን ያወርሳል የሚለው፣ የመምሪያ ጥያቄ አይደለም፤ የባህል ጥናት ጥያቄ ነው። መምሪያው አልመለሰውም ብሎ መክሰስ ፍትሕ አይሆንም። ነገር ግን መጻሕፍቱን እንደ ምንጭ የሚጠቀም ተመራማሪ ይህ ክፍተት እንዳለ ማወቅ አለበት።

ሁለተኛው ጕድለት ለታሪክ ይበልጥ ቅርብ ነው። በመዝገቦቹ ውስጥ እያንዳንዱ ቀለህ የሚጠራው ባወጣው መንግሥት ወይም ፋብሪካ ስም ነው፤ የፈረንሳይ፣ የኢጣልያ፣ የኦስትሪያ ተብሎ። ጠመንጃው የተወለደበት አገር ይጻፋል፤ የኖረበት አገር ግን አይጻፍም። በ1874 በፈረንሳይ የወጣው የግራ ጠመንጃ በሠራዊቱ እጅ የቈየው ከ12 ዓመት ብዙም ያልበለጠ ነው፤ በ1886 ሌበል ተተካበት። በኢትዮጵያ ግን «ፊዚ ግራ» የሚለው የፈረንሳይኛ ስም ወደ «ውጅግራ» ተለውጦ፣ ጠመንጃው በሰው ስምና በግጥም ውስጥ እስኪገባ ድረስ ኖረ። የጠመንጃ ታሪክ በተወለደበት ብቻ የሚጻፍ ከሆነ፣ የሕይወቱ ረዥሙ ክፍል ይጠፋል።

በታሪክ ጽሑፎች በኩል

ወደ ሌላው መደርደሪያ ሲታለፍ ሚዛኑ ይገለበጣል። ፓንክኸርስት ስለ ጦር መሣሪያ መግባት፣ ስለ ዋጋውና ስለ ብዛቱ ያሰባሰበው መረጃ ለተከተሉት ሁሉ መሠረት ሆኗል። የኮልክ ጽሑፍም ጠመንጃ በመሳፍንቱ መካከል ያለውን ሚዛን እንዴት እንደ ለወጠ በጥልቀት ይመረምራል። ከእነዚህና ከሌሎች ሥራዎች የኢትዮጵያ የጠመንጃ ታሪክ ዋና መስመር ግልጽ ነው። በ1875 በጉንደትና በ1876 በጉራዕ ከግብጽ ጦር የተማረከው ሬሚንግተን በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት እጅ ገባ። ቀጥሎም በቀይ ባሕር በኩል የነበረው ንግድ ግራንና ቬተርሊን ወደ ሸዋ አመጣ። በ1889 የተፈረመውን የውጫሌ ውል ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ሲያፈርሱ ከኢጣልያ መንግሥት የተላከ 2 ሚሊዮን ጥይት ተረክበው ነበር። በ1896 በዐድዋ የሆነውም የታወቀ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚቈጠረው ጠመንጃው ነው። የጠመንጃ ቍጥር ግን የኀይል ቍጥር አይደለም። አንድ መኰንን 1,000 ጠመንጃና ለእያንዳንዱ 10 ጥይት ቢኖረው፣ ያለው 10,000 ተኩስ ነው። ከተተኮሰው ቀለህ ግማሹ እየተለቀመ ዳግም ቢሞላ ግን 5,000፣ ቀጥሎም 2,500፣ ቀጥሎም 1,250 እያለ ይጨመራል፤ ድምሩም ወደ 20,000 ይጠጋል። ቀለህ የሚለቅሙ ልጆችና ቀለህ የሚሞላ አንድ ባለ እጅ ያለው መኰንን፣ አንድም አዲስ ጠመንጃ ሳይገዛ ተኩሱን በእጥፍ ያሳድጋል ማለት ነው። ሁለት መኳንንት እኩል ጠመንጃ እንደ ነበራቸው የሚገልጽ የታሪክ ጽሑፍ፣ ይህን ሳይጠይቅ ቢያልፍ፣ እኩል ያልሆነውን እኩል አድርጎ ሊያቀርብ ይችላል።

እርግጥ ይህ ስሌት የሚሠራው ቀለሁ ሳይሰነጠቅ ከቈየ፣ ባሩድና እርሳስም ከተገኘ፣ ከሁሉም በላይ መለኮሻ ካለ ነው። ባሩድ በኢትዮጵያ ይሠራ ነበር፤ እርሳስም ቀልጦ በቅርጽ ይፈስሳል። መለኮሻ ግን በመዶሻና በወናፍ የሚሠራ አይደለም። ስለዚህ ጠባቡ በር መለኮሻው ነው፤ በንግድ ታሪክ ውስጥ በሣጥን ከገባው ጥይት ጋር መለኮሻ ለብቻው መግባት አለመግባቱን መከታተል ጠመንጃን ከመቍጠር ያላነሰ ፍሬ ይሰጣል።

የባሩዱ ዐይነት ደግሞ ሌላ ነገር ያስረዳል። ሬሚንግተን፣ ግራና ቬተርሊ የተሠሩት ለጥቍሩ ባሩድ ነበር። ጥቍር ባሩድ ቀለሁን ሞልቶ ስለሚቀመጥ በስፍር ይለካል፤ በቀንድ ወይም በሌላ ትንሽ መስፈሪያ የሚለካ እጅ ይበቃዋል። በ1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ ያወጣውና በሌበል ጠመንጃ ሥራ ላይ የዋለው ጢስ የለሽ ባሩድ ግን ጥቂት ቦታ ብቻ ይይዛል፤ በስሕተት እጥፉ ቢገባም ቀለሁ ይችለዋልና፣ ጠመንጃው በተኳሹ እጅ ላይ ይፈነዳል። ከዚህም ሌላ ቀጭኑና ፈጣኑ አረር የመዳብ ወይም የኒኬል ልባስ ይሻል፤ ባዶው እርሳስ በዚያ ፍጥነት በአፈሙዙ ውስጥ ይላጣል። በአውሮጳ «አሮጌ» የተባለው ጠመንጃ ከአገር ቤት ሙያ ጋር የሚስማማ፣ «አዲስ» የተባለው ደግሞ ባለቤቱን ለውጭ ፋብሪካ የሚያስገዛ ነበር። ውጅግራ በኢትዮጵያ ረዥም ዕድሜ ማግኘቱ የሚታየው ብዙ ጊዜ እንደ ኋላ መቅረት ነው። ቀለሁን የሚያውቅ ሰው ግን በውስጡ ማስተዋል እንዳለበት ያያል።

ይህ አስተሳሰብ በገንዘብ ታሪክ ላይም ብርሃን ይጥላል። በ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የግራ ጥይት ከማርያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጐን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሠራ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። የገንዘብ ታሪክ ጸሓፊዎች ይህን ያነሣሉ፤ የጦርነት ታሪክ ጸሓፊዎችም ስለ ጠመንጃው ይናገራሉ፤ ሁለቱ ምዕራፎች ግን አይነጋገሩም። አሞሌ ተቀምሶ ይታወቃል፤ ብርም ምልክቱ ታይቶ ይታወቃል። ጥይት ግን ሆዱ አይታይም። ዳግም የተሞላ ጥይት ከፋብሪካው ጥይት ጋር በአንድ ገበያ ላይ ሲቀርብ ሻጭና ገዢ በምን ይተማመናሉ? በክብደቱ ነውን? በአረሩ ቅርጽ ነውን? ወይስ በሻጩ ስም? ይህ ጥያቄ የሚመለሰው ገንዘቡን፣ መሣሪያውንና ባለ እጁን በአንድ ምዕራፍ ለማየት ፈቃደኛ በሆነ ተመራማሪ ብቻ ነው።

ባለ እጁ ከታሪኩ የወጣበትም ምክንያት አለ። ጠይብና ቀጥቃጭ በብዙ የኢትዮጵያ ክፍሎች ቡዳ እየተባለ ሲናቅ ኖሯል፤ ማረሻውንና ጦሩን የሚቀበለው ገበሬና ወታደር ከእርሱ ጋር አይጋባም ነበር። አፄ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው የንቀቱን ልክ ያሳያል። የዜና መዋዕል ጸሓፊዎች የተማሩት ከቤተ ክህነትና ከቤተ መንግሥት ነው፤ የጻፉትም ስለ ቤተ መንግሥት ነው። የውጭ መንገደኞችም በብዛት ያነጋገሩት መኳንንቱን ነው። የዛሬው ታሪክ ጸሓፊ ደግሞ በእነዚህ ሁለት ምንጮች ላይ ሲሠራ ንቀቱን ሳያውቀው ይወርሳል። የባለ እጁ ዝምታ የማስረጃ እጥረት ብቻ አይደለም፤ ራሱ ማስረጃ ነው።

ሁለቱ ስለ ተገናኙበት ዕቃ

ከ2010ዎቹ መጨረሻ ዓመታት ጀምሮ በኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች ተከማችተው የነበሩ አሮጌ ጠመንጃዎች በብዛት ወደ አሜሪካ ተሸጠው ሄደዋል፤ በውስጣቸውም ግራ፣ ቬተርሊ፣ ሬሚንግተንና ማንሊኸር ይገኛሉ። የገዟቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሊተኵሱባቸው ይወዳሉ፤ ለመተኰስም ቀለህ መለወጥ አለባቸው። እነሆ የኖንትና የዶኔሊ መጻሕፍት ገጽ የሚገለጠው በኢትዮጵያ እጅ ለመቶ ዓመት ያህል ለኖረ ጠመንጃ ነው። አሜሪካዊው ሠራተኛ ጋራዡ ውስጥ አንገት ሲያለሰልስ፣ ሲቈርጥ፣ መለኮሻ ሲያስገባ፣ ከእርሱ በፊት ያ ጠመንጃ በሌላ አገር እንዴት ይጐርስ እንደ ነበር የሚነግረው ገጽ በመጽሐፉ ውስጥ አያገኝም። የኢትዮጵያ ታሪክ ተማሪም ያንኑ ጠመንጃ በቍጥር መልክ ብቻ ያውቀዋል። ዕቃው አንድ ሆኖ ሳለ የሚያውቁት ሁለቱ ሰዎች እያንዳንዳቸው ግማሹን ይዘዋል።

ጠመንጃ ሲሸጥ የሚጠፋው ብረቱ ብቻ አይደለም። በሰደፉ ላይ የተለጠፈው ቍርበት፣ በሽቦ የታሰረው ስንጥቅ፣ በአገር ቤት የተተካው ምስማር፣ ሁሉም የባለ እጅ ፊደል ነው። ሰብሳቢው አጥቦና ወልውሎ ወደ ፋብሪካው መልክ ሲመልሰው ያ ፊደል ይፋቃል። ቀለህ ደግሞ ከዚህም የከፋ ዕድል አለው፤ ናስ በመሆኑ ይቀልጥና ሌላ ዕቃ ይሆናል። ነገር ግን ከሁሉ የበለጠ የሚመሰክረው እርሱ ነው። በፈረንሳይ የጦር ቀለህ መቀመጫ ላይ የተሠራበት ዘመንና የናሱ ምንጭ በምልክት ይቀረጽ ነበር፤ ይህም ጥይቱ ወደ አገር የገባበትን ዘመን ለመገመት ይረዳል። በመለኮሻው ጕድጓድ ጠርዝ ላይ ያለ የሹል ብረት ጭረት ቀለሁ ተፈንቅሎ ዳግም መሞላቱን ያመለክታል። በአንገቱ ላይ ያለ የሞረድ ወይም የመዶሻ ምልክት፣ አረሩን ለመያዝ ተጠቅጥቆ የተጨመቀበት ቦታ፣ በከንፈሩ ላይ ያለ ስንጥቅ፣ እያንዳንዱ ለሚያነብበው ሰው ቃል አለው።

ስንጥቁም ቢሆን ሁልጊዜ የተኩስ ውጤት አይደለም። በህንድ አገር የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ አጠገብ ያኖረው ቀለህ ሳይተኮስ ይሰነጠቅ ነበር። ከጋጣው ሽንት የሚወጣው አሞንያ፣ ሲሠራ በውስጡ ውጥረት የቀረበትን ናስ እንደሚሰነጥቅ በ1921 በታተመ ጥናት ተገልጿል። ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር በሚያድሩበት የደጋ ቤት ውስጥ ጥይት በየት ይቀመጥ ነበር? ከምሰሶ ላይ ተሰቅሎ፣ ከጢሱ በላይ፣ ወይስ በጋን ውስጥ? ለቤት አሠራር ጥናት ተራ የሚመስለው ጥያቄ ለመሣሪያ ታሪክ ዋና ጥያቄ ይሆናል።

ስለዚህ ከዚህ ሒስ የሚወጣው ፍርድ ሁለት ክንፍ አለው። የኖንትና የዶኔሊ ሥራዎች እንደ መምሪያ የተመሰገኑ ናቸው፤ በባህል ጥናት ቤትም ስለ አንድ ሙያ አመዘጋገብ ምሳሌ ሆነው መነበብ ይገባቸዋል፤ ነገር ግን ሰው የሌለበትን ሙያ ስለሚያሳዩ ብቻቸውን አይበቁም። የፓንክኸርስትና የኮልክ ሥራዎችም ለሥልጣንና ለንግድ ታሪክ ያላቸው ዋጋ አይቀነስም፤ ነገር ግን የጠመንጃን ኀይል በጠመንጃ ቍጥር መለካትን ተከታዮቻቸው እንደ ልማድ ይዘውት መቅረት የለባቸውም። የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት የሚያስተምሩትን ጥያቄ ወደ ሁለተኛዎቹ መስክ ይዞ መሄድ የሚችለው የባህል ተመራማሪው ነው።

ጥያቄዎቹም ረቂቅ አይደሉም። ቀለህ የሚለቅመው ማን ነበር፤ ተኳሹ ራሱ፣ ሎሌው ወይስ ልጆች? የተለቀመው ቀለህ የተኳሹ ነው ወይስ የጌታው? መለኮሻውን በምን ይፈነቅሉ ነበር? አንገቱን ያለሰልሱ ነበርን፤ ያለሰልሱ ከነበረ ቀለሙን ምን ብለው ይጠሩት ነበር? የተበላሸውን ቀለህ ለምን ያውሉት ነበር፤ ለመስቀል፣ ለቀለበት ወይስ ለጌጥ? ዋጋውስ በእህል፣ በጨው ወይስ በጥይቱ በራሱ ይከፈል ነበር? እነዚህን ለመመለስ የሚችሉ አረጋውያን በየዓመቱ እያነሱ ይሄዳሉ። የሚቀሩትም ስለ ጥይት ሲጠየቁ ይሠጋሉ፤ በ2020 የወጣው የጦር መሣሪያ ዐዋጅ ቍጥር 1177 መሣሪያና ጥይት የሚያዝበትንና የሚሠራበትን ሁኔታ በጥብቅ የሚቈጣጠር በመሆኑ ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ተመራማሪው ስለዚህ የአባትና የአያት ዘመን ሥራን እንጂ የዛሬን ይዞታ እንደማይጠይቅ አስቀድሞ ማስረዳት፣ የተናጋሪውንም ስም መጠበቅ አለበት።

ቤተ መዘክሮችም የሚወጣላቸው ድርሻ አለ። ጠመንጃን ለብቻው ሰቅሎ ስሙንና ዘመኑን መጻፍ፣ ምጣድን ያለ ምድጃና ያለ ጋጋሪ እንደ ማሳየት ነው። ከጠመንጃው ጐን ቀለሁ፣ ከቀለሁ ጐን መፈንቅሉና መስፈሪያው፣ ከእነርሱም ጐን የባለ እጁ ሰፈርና የሙያው ዘር መጻፍ አለበት። ይህ ባይገኝም እንኳ አንድ የተሰነጠቀ ቀለህ በመቀመጫው ላይ ካለው ምልክትና ጭረት ጋር ተመዝግቦ ቢቀመጥ፣ ከአሥር የተወለወለ ጠመንጃ የበለጠ ይናገራል።

ፋብሪካው ቀለህን የሠራው አንድ ጊዜ ተተኩሶ እንዲጣል ነበር። የተጣለውን አንሥቶ ሁለተኛና ሦስተኛ ዕድሜ የሰጠው ባለ እጁ ነው። የጠመንጃ ታሪክ እስከ ዛሬ የተጻፈው የመጀመሪያውን ተኩስ ይዞ ነው፤ የሁለተኛው ታሪክ አሁንም መሬት ላይ ወድቆ የሚያነሣው ይጠብቃል።